ግማሹን አምኜ ግማሹን የተከራከርኩበት የፍጥነት ክስ

ሾፌርነት ያቆምኩት ጉልበቴ ደክሞ አይደለም። ባለፈው ዓመት ከሞጆ ስመለስ መንገድ ዳር የቆመ ግመል አየሁና ግራር ነው ብዬ ተጠግቼው ላልፍ ስል ግራሩ መራመድ ጀመረ። ዓይኔ እንደከዳኝ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። በማግስቱ ቁልፉን ለመኪናው ባለቤት አስረክቤ በእግሬ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ከሠላሳ ዓመት በላይ መሪ ጨብጬ ኖሬ የመጨረሻውን መንገድ በእግር መሄዴ ለራሴም አሳቀኝ።

አሁን ከሰዓት በኋላ መናኸሪያው አጠገብ ካለች ሻይ ቤት እቀመጣለሁ። ወጣቶቹ ሾፌሮች አጠገቤ ሆነው ትራፊክ የሰጣቸውን የክስ ወረቀት እያገላበጡ ይነታረካሉ። አንዱ ከፍለህ ተገላገል ይላል፤ ሌላው ሄደህ ተከራከር ይላል። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብለው «ጋሼ ቶሎሳ፣ እርስዎ ምን ይላሉ?» ይሉኛል። እኔ ሕግ አዋቂ አይደለሁም። ግን ዛሬ ናዝሬት በምንላት፣ ያን ጊዜ ሁሉም አዳማ ይላት በነበረችው በዚህች ከተማ፣ በፍጥነት ከተከሰሱት ሰዎች የመጀመሪያው ሳልሆን አልቀርም። ስለዚህ የምነግራቸው አላጣም።

ነገሩ የሆነው ጣሊያን ከመምጣቱ ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። የተወለድኩት ወለንጪቲ ሲሆን፣ ወደ አዳማ የመጣሁት ባቡር ጣቢያው ላይ ከረጢት ለመሸከም ነበር። ከጣቢያው አጠገብ ሙሴ ክሪኮር የሚባል አርመን በቆርቆሮ የተሠራ ጋራዥ ነበረው። አንድ ቀን የአንዲት ካሚዮን ሞተር ማስነሻ ብረት፣ ማኖቬላ፣ ሲያዞር የነበረ ሠራተኛው ላይ ብረቱ ተመልሶ ክንዱን ሰበረው። ሙሴ ክሪኮር ወጥቶ ከተሸካሚዎቹ መሐል ሰው ሲፈልግ እኔ ቀረብኩ።

ሙሴ ክሪኮር አማርኛን የተማረው ከሚስቱ ስለሆነ ወንዱንም ሴቱንም «አንቺ» ነበር የሚለው። የመጀመሪያው ትምህርቴ ይህ ነበር፦ «አንቺ፣ አውራ ጣትሽን ከሌሎቹ ጣቶች ጋር በአንድ በኩል አድርጊ። እንዳትጨብጪ። ሞተሩ ወደ ኋላ ሲመታ ብረቱ ከእጅሽ ይውጣ።» እንዳለኝ አድርጌ አዞርኩ። በሦስተኛው ተነሳች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከረጢት መሸከም ቀረልኝ።

ያ ሰው ያስተማረኝን ሁሉ ብጽፍ አያልቅም። አንድ ደረቅ እንጨት ነበረው። ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ ሌላውን ጫፍ ጆሮው ላይ አድርጎ ዓይኑን ይጨፍንና የታመመውን ቦታ ይናገር ነበር። ከመንገድ ስንመለስ የአራቱንም ጎማ እምብርት በእጁ ጀርባ ይነካል። ከሌላው የሞቀው ካለ ሳይፈታ አያድርም። በመዳፍ ለምን አትነካም ብዬ ስጠይቀው «መዳፍ የሥራ ሰው ቆዳ ነው፣ ይዋሻል» አለኝ። ከሁሉ በላይ ግን ወንዝ ሲደርስ ሱሪውን ጠቅልሎ፣ ዱላ ይዞ፣ ጎማው የሚያልፍበትን መስመር በእግሩ ተሻግሮ ሳይመለስ መኪና ወደ ውኃ አያስገባም ነበር። መቶ ጊዜ ያለፈበትንም ወንዝ እንዲሁ ነበር። እኔ ይህን እንደ ሽማግሌ ፍርሃት እቆጥረው ነበር።

መንዳት ስችል ለሐጂ ሙሄ ተቀጠርኩ። ሐጂ ሙሄ ከወሎ መጥተው አዳማ የከተሙ ነጋዴ ናቸው። ከባቡር የወረደ ጨው ወደ መቂና ዝዋይ እንወስዳለን፤ ስንመለስ ቆዳና በቆሎ እንጭናለን። መንገድ የሚባል አልነበረም፤ ከበጋው ጋር አብሮ የሚመጣና ከክረምቱ ጋር የሚጠፋ የጎማ ዱካ ነበር። ጭነት ላይ ተቀምጦ አብሮኝ የሚጓዘው ገመቹ የሚባል የመቂ ሰው ነው። ቁጥብ ሰው ነው። ጠዋት «አካም ቡልቴ» ካለኝ በኋላ እስከ ምሳ ላይናገር ይችላል።

ከሥራ ዘመኔ ሁሉ ዛሬም ሳስበው የሚከብደኝ የመቂ ወንዝ ነገር ነው። የበልግ መግቢያ ነበር። በእኛ በኩል ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ ዝናቡ የጣለው ከላይ፣ ከጉራጌ ደጋ ነው። በማግስቱ የዝዋይ ገበያ ስለነበር ቸኩያለሁ። ገመቹ ከላይ ሆኖ «ውኃው ቀለሙ ተለውጧል፤ ወርደህ አትሻገርም?» አለኝ። «ሰኞ አልፈንበት የለ!» አልኩና ገባሁ። መሐል ላይ የኋላ ጎማው አሸዋ ውስጥ ሰጠመ። ገመቹ ወርዶ ሲቆፍር ደራሽ ውኃው መጣ። መኪናዋ ተንጋደደች፤ የጨው ከረጢቶች ተንሸራተው ከእነርሱ አንዱ የገመቹን እግር ከመኪናዋ ሥር ካለው ተሸካሚ ብረት፣ ከባሌስትራው ጋር አጣበቀው። አንገቱ ድረስ ውኃ ውስጥ ሆኖ አልጮኸም። እንዴት እንዳወጣሁት አላስታውስም፤ የማስታውሰው ዳር ላይ ተኝቶ ሰማዩን ሲያይ ነው።

ወጌሻ እግሩን ቢያስተካክለውም ገመቹ ከዚያ ወዲህ ያነክሳል። ሐጂ ሙሄ በሦስተኛው ቀን በበቅሎ መጡ። ከወንዙ ዳር ቁጭ ብለው ጣታቸውን ነክረው ቀመሱ፤ «ጨዉ ሄዷል፤ ሰውዬው ግን አለ፤ አልሐምዱሊላህ» አሉ። የከተማው ሹም ጽሕፈት ቤት ሲጠይቀኝ ግን «ወንዙ ድንገት ሞላብኝ» አልኩ። ገመቹ እንዳስጠነቀቀኝ፣ እኔም ወርጄ እንዳላየሁ ለማንም አልተናገርኩም። ገመቹም አልተናገረም፤ አልወቀሰኝምም። ጸሐፊው የመንጃ ወረቀቴ ላይ ለማስጠንቀቂያ በቀይ ቀለም አንድ መስመር አሰመረና መለሰልኝ።

ክሱ የመጣው በተከታዩ በጋ ነው። በከተማው ያሉት መኪናዎች ከአምስት ባይበልጡም ገበያተኛው ስላማረረ አዲስ ደንብ በአዋጅ ተነቦ ነበር። ማንኛውም መኪና በገበያው ሲያልፍ ከበቅሎ ሶምሶማ እንዳይበልጥ፣ ዘበኛም ቁም ሲለው እንዲቆም የሚል ነው። በፍጥነት የተገኘ መቀጫ ከፍሎ ይሄዳል። ዘበኛ የናቀ ግን የመንጃ ወረቀቱን ያጣል። የገበያው ዘበኛ ባሻ ደስታ ነበሩ፤ ድሮ ወታደር የነበሩ፣ ኮታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው የሚቆሙ ቀጭን ሰው።

በገበያ ቀን ከመቂ ቆዳ ጭኜ በሞጆ በኩል ወደ ከተማው ወረድኩ። ቁልቁለቱ ላይ ማርሹን አወጣሁና ለቀቅኳት። ቤንዚን ለመቆጠብ ሁላችንም የምናደርገው፣ ሙሴ ክሪኮር ደግሞ አጥብቆ የሚከለክለው ነገር ነው። ገበያው ጋ ስደርስ ፍሬን ይዤ፣ ማርሽ አስገብቼ፣ ሞተሩ እያጓራ አለፍኩ። ሰው አልተነካም፤ ዕቃ አልተሰበረም። በማግስቱ ጠዋት ባሻ ደስታ ማኅተም ያለበት ወረቀት ይዘው መኪናዋ ወደምታድርበት ወደ ሙሴ ክሪኮር ጋራዥ መጡ።

«ማንበብ ትችላለህ?» አሉኝ።

«እችላለሁ።»

«እንግዲያው አንብብ። ከሶምሶማ በላይ ሮጠሃል። ሦስት ጊዜ ቁም ብዬህ ንቀኸኝ ሄደሃል።»

«ባሻ፣ ቁም ሲሉኝ አልሰማሁም።»

«ገበያው ሁሉ ሰምቶ ሲስቅብኝ አንተ እንዴት አልሰማህም?» ብለው ወረቀቱን ወንበሩ ላይ አስቀምጠው ሄዱ።

ምርጫው ሁለት ነበር። ሁለቱንም ጥፋት አምኜ ይቅርታ ብጠይቅ መቀጫ እከፍላለሁ፤ ወረቀቴም ለሦስት ወር ብቻ ይያዛል። ተከራክሬ ብሸነፍ ግን ከቀዩ መስመር ጋር ተደምሮ ለዘለዓለም ይወሰዳል። ቀጠሮው ሐሙስ ነው።

ሐጂ ሙሄ ነገሩን ሰምተው ብዙም አላሰቡበትም። «እመን፤ ሦስት ወር ምን አላት? ጋራዥ ውስጥ ሥራ አይጠፋም። ከዳኛ ፊት የሚቆም ሰው ሥራ የፈታ ነው» አሉኝ።

ጎረቤቴ አቶ ይገዙ ግን ጠበቃ ነበሩ፤ ሙግት ሲሰሙ ፊታቸው ይበራል። ጋራዡ ድረስ መጥተው ወረቀቱን ወደ ብርሃን አዙረው ሁለት ጊዜ አነበቡትና «ሁሉንም ካድ» አሉኝ። «ከበቅሎ ሶምሶማ ይላል። የማን በቅሎ? የጠገበች ናት ወይስ የተራበች? ጭነት አላት? ዓይን ፍጥነት ሊለካ አይችልም። ለእኔ ተወው፤ ባሻን ራሳቸውን በቅሎ አደርጋቸዋለሁ።»

እኔም ልቤ ወደ እሳቸው አዘነበለ፤ ሙግቱን በሐሳቤ እያየሁ ደስ አለኝ። ሙሴ ክሪኮር ከመኪና ሥር ተኝቶ ይሰማን ነበርና እጁን እየጠረገ ወጣ።

«አንቺ ሮጠሻል?» አለኝ።

«እኔ እንጃ።»

«እንጃ ብለሽ ዳኛ ፊት አትሄጂም። መጀመሪያ እወቂ።»

እሑድ ጠዋት ገበያው ባዶ ሲሆን ያንኑ ቆዳ መልሰን ጫንን። የሐጂ ሙሄን በቅሎ ተውሰን ገመቹን በእሷ ላይ አስቀመጥነው። ከቁልቁለቱ ግርጌ ላይ ቆሞ እኔ አጠገቡ ስደርስ በሶምሶማ እንዲከተለኝ ሆነ። ማርሽ አውጥቼ እንደዚያን ቀን ወረድኩ። መስተዋት በሌላት ካሚዮን ውስጥ ሆኜ አንገቴን አውጥቼ ወደ ኋላ ሳይ በቅሎዋ በአቧራው ውስጥ እያነሰች ሄደች። ገመቹ የደረሰብኝ ገበያው መሐል ካለው ዋርካ ስደርስ ነው። ከገበያው መግቢያ እስከ ዋርካው ድረስ፣ በደንቡ ቃል፣ ሮጫለሁ።

ገመቹ ከበቅሎዋ ወርዶ ድምፁ ሻክሮ «ቁም እያልኩህ ነበር» አለኝ።

«መቼ?»

«ከመግቢያው ጀምሮ። ሙሴ ነው ጩኽ ያለኝ።»

ሙሴ ክሪኮር ዋርካው ሥር ቆሞ ፈገግ አለ። «እንግዲህ አወቅሽ» አለኝ። «ሮጠሻል። አልሰማሽም። ሁለቱም እውነት ነው።»

አቶ ይገዙ ግማሹን አምኜ ግማሹን ልከራከር እንደምፈልግ ስነግራቸው ከልባቸው አዘኑ። «ልጄ፣ እንዲህ ያለ ሙግት የለም» አሉኝ። «አንዱን ካመንክ ሌላውን ማን ያምንሃል? በገዛ አፍህ በሩን ከፍተህ መስኮቱን ዝጉልኝ ማለት ነው።» ከእኔ ጋር እንደማይቆሙም ነገሩኝ። ሐጂ ሙሄም እንደገና መከሩኝ። ሦስት ወር ወይስ ዕድሜ ልክ? ረቡዕ ቀኑን ሙሉ ይህንን ሳሰላስል የሁለት ካንዴላ ሽቦ አቀያይሬ ገጥሜ ከሙሴ ክሪኮር ተሰደብኩ።

ሐሳቤን የቆረጥኩት ገመቹን ሳየው ነው። ጋራዡ በር ላይ ቆዳ እየቆጠረ፣ ክብደቱን በደህናው እግሩ ላይ አሳርፎ ቆሟል። ወንዙ ድንገት ሞላብኝ ያልኩት ትዝ አለኝ። ያን ጊዜ ውሸቱ አዋጥቶኝ ነበር፤ ወረቀቴን አተረፈልኝ፤ እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ከገመቹ ጋር ዓይን ለዓይን አልተያየሁም። አጠገቡ ሄጄ «ነገ ምስክር ትሆነኛለህ?» አልኩት። «ምን ብዬ?» አለ። «ያየኸውን» አልኩት። «ቶሌ፣ እሺ» አለና ቆጠራውን ቀጠለ።

ችሎቱ የሚሰየመው ከዚያው ዋርካ ሥር ነው። ዳኛው ግራዝማች አየለ የሚባሉ፣ ጥቁር ካባ የደረቡ፣ ሰው ሲናገር መሬት የሚያዩ ሽማግሌ ነበሩ። ገበያተኛው ዙሪያውን ከቦ ቆሟል። አቶ ይገዙም ለመታዘብ ከፊት መጥተዋል።

ባሻ ደስታ ቀርበው ክሱን በወታደር አቋም ተናገሩ። እየጨረሱ ሳለ ግን ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ጌታዬ፣ ሃያ ዓመት በውትድርና ኖሬያለሁ። ቁም ብዬው ያልቆመ ሰው አላየሁም። ያን ቀን ሽንኩርት ሻጮቹ ሳይቀሩ ሳቁብኝ» አሉ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ እኒያ ሰው ወረቀቴን ሊቀሙኝ የቆሙ ጠላት ይመስሉኝ ነበር። ለካ እሳቸውም የራሳቸውን ነገር ይዘው ነው የመጡት።

ግራዝማች «ምን ትላለህ?» አሉኝ።

«ጌታዬ፣ ሮጫለሁ። ከመግቢያው እስከዚህ ዋርካ ከሶምሶማ በላይ ነበርኩ፤ በበቅሎ ለክቼ አረጋግጫለሁ። ባሻን ግን አልናቅኩም። ድምፃቸውን አልሰማሁም።»

አቶ ይገዙ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ግራዝማች ለመጀመሪያ ጊዜ ከመሬት ቀና ብለው አዩኝ። «ራስህን ለክተህ መጣህ?» አሉ።

«አዎ ጌታዬ።»

«ምስክር አለህ?»

ገመቹ እያነከሰ ቀረበ። «እኔ ጭነቱ ላይ ነበርኩ» አለ። «ባሻ ሲጮኹ ሰምቻለሁ። ጣሪያውን ደበደብኩለት። አልሰማም። ይኼ ሰውዬ ሞተር ከተነሳ አይሰማም፤ ወንዝ ሲመጣም አልሰማም ነበር።»

ሕዝቡ ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅኩም። «ስለ ወንዙም እውነቱን ነው» አልኩ። «ወርደህ እይ ብሎኝ ነበር፤ እምቢ ብዬ ገባሁ። ይህ እግር በእኔ ጥፋት የተሰበረ ነው። ያን ጊዜ ለጽሕፈት ቤቱ የነገርኩት ሌላ ነው።» ማንም አልጠየቀኝም ነበር። ገመቹ ዞሮ አየኝ፤ እኔም አየሁት።

ግራዝማች ጢማቸውን አሻሹ። ከዚያ ተነሡና «እስቲ ያችን መኪና አምጣት» አሉ። ረዳቶቻቸው ሊከለክሏቸው ሞከሩ። እሳቸው ግን ካባቸውን ሰብስበው አጠገቤ ወጥተው ተቀመጡ። ባሻ ደስታ ከኋላ ሃያ እርምጃ ርቀው እንዲቆሙና ስንንቀሳቀስ ቁም እያሉ እንዲጮኹ ታዘዙ። ሙሴ ክሪኮር ራሱ ማኖቬላውን አዞረልን። በአንደኛ ማርሽ፣ ከሶምሶማ አሳንሼ፣ ገበያውን እያቋረጥኩ ነዳሁ። ግራዝማች በሁለት እጃቸው መቀመጫውን ጨብጠው ወደ ፊት ብቻ ያያሉ። ገበያው ጫፍ ደርሰን ሞተሩን ሳጠፋ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ምነው ባሻ እስካሁን አልጮኸም?» አሉኝ።

ዞር ስንል ባሻ ደስታ በላብ ተጠምቀው፣ ድምፃቸው ተዘግቶ፣ በእጃቸው ብቻ እያመለከቱ ሲመጡ አየን። ከኋላቸው ልጅ አዋቂው ሁሉ ይከተላል። ሽንኩርት ሻጮቹ «እኛ ሰምተናል፣ እኛ ሰምተናል» ይላሉ።

ፍርዱ አጭር ነበር። ለሮጥኩበት መቀጫ እንድከፍል፣ ዘበኛ ንቀሃል የሚለው ግን እንዲሰረዝ። ስለ ወንዙ ቀዩ መስመር እንዲቆይ፤ አጠገቡም ጥፋቱን በራሱ አፍ ተናግሯል ተብሎ እንዲጻፍ። ለባሻ ደስታ ደግሞ በረጅም ዘንግ ላይ የታሰረ ቀይ ጨርቅ እንዲሰጣቸው፤ መኪና ቁም ሲሉ ያንን እንዲያነሡ፤ አይቶ ያልቆመ ሾፌር ምክንያት እንዳይኖረው። ባሻ ጨርቁን በማግስቱ ይዘው ሲቆሙ በዚያ ከተማ ከእሳቸው የበለጠ ባለ ግርማ ሰው አልነበረም። እኔንም ያለ ምክንያት ሁለት ጊዜ አስቆሙኝ። ቆምኩላቸው። አቶ ይገዙ ግን ለብዙ ጊዜ ሲያገኙኝ ራሳቸውን እየነቀነቁ «መርታትህ ልክ አይደለም» ይሉኝ ነበር።

ወጣቶቹ ሾፌሮች ይህን ስነግራቸው «እንግዲያው እንከራከር ነው የሚሉን?» ይላሉ። እኔ የምላቸው መጀመሪያ በበቅሎ ለኩ ነው። ይስቃሉ። በተረገጠ መንገድም ላይ ቢሆን ወርዶ መመርመርን ግን ከዚያ ወዲህ ትቼው አላውቅም፤ የመቂን ወንዝ ስንት ጊዜ በእግሬ እንደተሻገርኩት ገመቹ ነው የሚያውቀው፤ ዳር ቆሞ ዱላዬን የሚያቀብለኝ እሱ ነበር።

ከፍርዱ በኋላ ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ ወደ ወለንጪቲ ባዶ መኪና ይዤ ስወጣ ቀዩ ጨርቅ ተነሣ። ቆምኩ። ባሻ ደስታ ቀረብ ብለው ወዲያና ወዲህ አዩና «እኅቴ ወለንጪቲ ታማለች፤ ታደርሰኛለህ?» አሉኝ። «ይግቡ ባሻ» አልኳቸው። ዘንጋቸውን ይዘው ገቡ። ገበያውን በሶምሶማ አለፍን፤ የመጨረሻዎቹን ቤቶችም በሶምሶማ አለፍን። እሳቸው ቀጥ ብለው ተቀምጠው መንገዱን ይቆጣጠራሉ። ከከተማው ወጥተን ሜዳው ፊት ለፊታችን ሲዘረጋ፣ ሰውም ከብትም የሌለበት ደረቅ መንገድ ሲሆን፣ አንገታቸውን አውጥተው ወደ ኋላ ተመለከቱ። ከዚያ የኮታቸውን የአንገት ቁልፍ ፈቱ።

«ቶሎሳ» አሉኝ ጮክ ብለው፣ እንድሰማ። «አዋጁ እኮ የሚለው በገበያው ሲያልፍ ነው።»

«አዎ ባሻ።»

«እዚህ ገበያ አይታየኝም።»

ማርሹን ቀየርኩና ነዳጁን ረገጥኩት። እኒያ ሰው እስከ ወለንጪቲ ድረስ ባርኔጣቸውን በጭናቸው መሐል ይዘው ሲስቁ ሄዱ።